«ልጁ የት አለ?» ቁርጥማት ያለበት ሰው እና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት

ባለፈው ህዳር አክስቴን ይዤ ወደ አንድ የጤና ተቋም ሄድኩ። የደብረ ማርቆስ የጠዋት ብርድ አጥንት ይሰብራል። የእሷ ጣቶች ደግሞ በብርድ ጊዜ እንደ እንጨት ይገተራሉ። የክትባት ክፍሉ በር ላይ እናቶች ህፃን ታቅፈው ተሰልፈዋል። እኛም ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ ነርሷ ቀና አለች። አክስቴን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ከኋላችን አየች።

«ልጁ የት አለ?»

«ልጁማ እኔ ነኝ» አለች አክስቴ። 61 ዓመቷ ነው።

ነርሷ ሳቀች፣ እኛም ሳቅን። «እማማ፣ እዚህ ያለን የህፃናት ነው። የጉንፋን ክትባት አይመጣልንም» አለቻት በትህትና። የእሷ ጥፋት አልነበረም። ያልተላከላትን ከየት ታምጣ?

ከዚያ ሳምንት በፊት የመገጣጠሚያ ህመሟን የሚከታተልላት ሐኪም «የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ቢያገኙ ጥሩ ነበር» ብሏት ነበር። የት እንደሚገኝ አልነገራትም። እሷም አልጠየቀችም። ሐኪሙ በሽታዋን ያውቃል፣ ክትባት ግን እጁ ላይ የለም። የክትባት ክፍሉ መርፌና ማቀዝቀዣ አለው፣ አክስቴ የምትውጠው መድኃኒት ግን አይመለከተውም። ሁለቱ ክፍሎች አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። እሷ ግን ከአንዱ ወጥታ ወደ ሌላው ስትሄድ መንገድ ላይ ቀረች። እንደ እሷ መንገድ ላይ የቀረ ሰው በየወረዳው ብዙ ይመስለኛል።

ነገሩ ከስሙ ይጀምራል። እኛ ጋ ጉንፋን የማይባል ነገር የለም። አፍንጫ ሲፈስ ጉንፋን፣ ጉሮሮ ሲከረክር ጉንፋን፣ ሰው አልጋ ላይ ወድቆ ሳምንት ሲሰነብትም ያው ጉንፋን። ተራው ጉንፋን ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ያስነጥሳል፣ ይሄዳል። ኢንፍሉዌንዛ ግን የመጣበት ሰዓት ይታወቃል። «ጠዋት ደህና ነበርኩ፣ ከሰዓት ጣለኝ» ይላል የያዘው ሰው። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ደረቅ ሳል፣ መላ አካልን የሚቀጠቅጥ ህመም። ቫይረሱ ከገባ ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ይጥላል።

ቁርጥማት ላለበት ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ቅጥቀጣው የየትኛው ነው? አክስቴ አንድ ጊዜ ሶስት ቀን ሙሉ «በሽታዬ ተነሳብኝ» ብላ ተኛች። ኋላ ቤቱ ሁሉ ማሳል ሲጀምር ነው የገባን። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ማር፣ ዳማከሴ፣ ፌጦ፤ ያልቀረበላት ነገር አልነበረም። ትኩስ ነገር ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ማንም አይከለክልም። ኢንፍሉዌንዛን ግን አያስቆምም።

አያቶቻችን ልዩነቱን ከእኛ የበለጠ ያውቁት ነበር። በ1911 ዓ.ም. ህዳር ላይ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ እኛም ሀገር ገባ። ስሙም «የህዳር በሽታ» ተባለ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነው የዳኑት። ህዳር 12 በሚካኤል ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናቃጥለው፣ «ህዳር ሲታጠን» የምንለው፣ የዚያ ዘመን ትዝታ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም ጭሱ አልቀረም። (በነገራችን ላይ አስም ያለበት ሰው ያን ዕለት ከጭሱ ራቅ ቢል ደግ ነው።) የገረመኝ ሌላ ነው። ለበሽታው ዓመታዊ ቀን አለን፣ ለክትባቱ ግን ቀጠሮ የለንም።

ዛሬም ቢሆን በሽታው ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ወደ 1 ቢሊዮን ሰው ወቅታዊ ኢንፍሉዌንዛ ይይዘዋል። ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን የሚሆነው በጠና ይታመማል። ከ290 ሺህ እስከ 650 ሺህ የሚደርስ ሰው ከመተንፈሻ አካል ጋር በተያያዘ ምክንያት ይሞታል። አብዛኛው ጤነኛ ሰው ሳምንት ተኝቶ ይነሳል። የሚከፋው በአዛውንት፣ በነፍሰ ጡር፣ በህፃንና ስር የሰደደ ህመም ባለበት ሰው ላይ ነው።

አክስቴ የመጨረሻዎቹ ውስጥ ናት። መገጣጠሚያን የሚያስቆጣው ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ብዙ አካል የሚያጠቃው ሉፐስ፣ ቆዳን የሚያጠቃው ሶሪያሲስ፣ አንጀትን የሚያቆስሉት ክሮንና አልሰሬቲቭ ኮላይቲስ ስማቸው ይለያይ እንጂ ባህርያቸው ይመሳሰላል። የሰውነት መከላከያ ሌባውን ትቶ ባለቤቱን የሚነክስ ውሻ ይሆናል። መገጣጠሚያውን፣ ቆዳውን፣ ኩላሊቱን፣ አንጀቱን ይነክሳል። የተነከሰው ቦታ ይቆጣል፣ ያብጣል፣ ያማል። መድኃኒቱ ውሻውን ማሰር ነው። ፕሬድኒሶሎን፣ ሜቶትሬክሴት፣ አዛታዮፕሪን፣ ሁሉም በየራሳቸው ገመድ ናቸው። ውሻው ሲታሰር ባለቤቱ እፎይ ይላል። ችግሩ ሌሊት ሌባ የመጣ ዕለት ነው። ክትባት ማለት ያን የታሰረ ውሻ የሌባውን ጋቢ አስቀድሞ እንዲያሸት ማድረግ ነው። ገመዱ ባይፈታም ጠረኑን ያውቀዋል፣ ቶሎ ይጮኻል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አይጠረጥርም። ኢንፍሉዌንዛ ሳንባ ላይ ብቻ አይቆምም። በ2018 እ.ኤ.አ. ከካናዳ የወጣ ጥናት ኢንፍሉዌንዛ በላቦራቶሪ የተረጋገጠባቸውን ሰዎች አየ። በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ለልብ ድካም ሳይሆን ለድንገተኛ የልብ ጥቃት የመጋለጥ ዕድላቸው ከሌላው ጊዜ 6 እጥፍ ገደማ ነበር። ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለበት ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም ለልብ ህመም ከሌላው የበለጠ የተጋለጠ ነው። ሐኪሙ አክስቴን ዝም ብሎ አልነበረም ክትባቱን ያነሳላት።

ሰው የሚፈራው ግን ልብን አይደለም፣ መርፌውን ነው። «ክትባቱ ራሱ ጉንፋን ያስይዛል» የሚለውን ከስንት ሰው ሰምቼዋለሁ። ክንድ ላይ የሚወጋው የተለመደው ክትባት ውስጥ ያለው የሞተ ቫይረስ ወይም የቫይረስ ቁራጭ ነው። የሞተ ነገር አይራባም። ስለዚህ ኢንፍሉዌንዛ ሊያስይዝ አይችልም። ክንድ ያማል፣ አንድ ሁለት ቀን ድካምና ቀላል ትኩሳት ሊኖር ይችላል። ውሻው እያሸተተ ነው ማለት ነው። ከባድ የነርቭ ችግር የሚከተለው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ከ1 ሚሊዮን ተከታቢ 1 ወይም 2 ሰው ላይ ቢሆን ነው።

ሌላ ዓይነት አለ፣ እሱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አፍንጫ ውስጥ የሚረጨው ክትባት የተዳከመ ግን ሕይወት ያለው ቫይረስ ይዟል። መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስድ ሰው እሱን አይወስድም። ቢጫ ወባን የመሰሉ ሌሎች ሕያው ክትባቶችም ለዚህ ሰው ያለ ሐኪም ምክር አይሰጡም። ለጉዞ ሲባል «ሁሉንም ውጉኝ» ማለት አደጋ አለው።

«በሽታዬን ቢቀሰቅስብኝስ?» ይህ ከጉንፋኑ ወሬ የተሻለ ጥያቄ ነው። መገጣጠሚያው በተቆጣ ሰው ላይ የተደረጉ ጥናቶች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በሽታውን በጉልህ ያባብሳል የሚል ነገር አላሳዩም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ (የመገጣጠሚያና መሰል ህመሞች ሐኪሞች ማህበር ነው) በ2022 እ.ኤ.አ. ባዘጋጀው መመሪያ በሽታው የተነሳበት ሰው እንኳ ክትባቱን ማዘግየት እንደሌለበት ይመክራል። በሽታው እስኪተኛ ሲጠበቅ ኢንፍሉዌንዛው አይጠብቅም።

አሁን ወደ ክኒኖቹ። ከክትባት ክፍሉም ከሐኪሙም ሳንሰማ የቀረነው ይህንን ነው።

ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን የሚወሰድ መድኃኒት ነው። አክስቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ትውጠዋለች። መድኃኒቱ ለክትባት የሚሰጠውን ምላሽ ያደክማል። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ከ300 በላይ የሩማቶይድ አርትራይተስ ህመምተኞች የተሳተፉበት ሙከራ ተደረገ። ግማሾቹ ከተከተቡ በኋላ ለ2 ሳምንት ሜቶትሬክሴት ተዉ። ግማሾቹ እንደወትሮው ቀጠሉ። ካቆሙት ውስጥ ከ100 ሰው ወደ 76ቱ አጥጋቢ ምላሽ አገኙ። ካላቆሙት ወደ 55ቱ። በሽታው የተነሳባቸው ሰዎች ቁጥር ላይ ጉልህ ልዩነት አልነበረም። በሁለት ቅዳሜ ይህን ያህል ትርፍ ማግኘት ትንሽ ነገር አይደለም። መመሪያውም ይህንኑ ይዟል፦ የበሽታው ሁኔታ ከፈቀደ፣ ከክትባቱ በኋላ ለ2 ሳምንት ሜቶትሬክሴትን አለመውሰድ።

ይህ ግን ለሜቶትሬክሴት ብቻ ነው። «ክትባት ሲወሰድ ክኒን ይቆማል» ብሎ መጠቅለል ሰው ሊገድል ይችላል። በተለይ ፕሬድኒሶሎንን። ለወራት የወሰደው ሰው በድንገት ሲያቆመው ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን ቶሎ ማምረት አይችልም። የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ራሱን ይስታል። ስለዚህ ፕሬድኒሶሎን አይቆምም፤ መጠኑ ከፍ ያለም ቢሆን የኢንፍሉዌንዛ ክትባቱ ይሰጣል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ ሰልፋሳላዚንና አዛታዮፕሪንም ይቀጥላሉ። ሪቱክሲማብ የሚባለውን በደም ስር የሚሰጥ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ፣ የኢንፍሉዌንዛ ክትባቱ በጊዜው ይሰጠዋል፤ የሚቀጥለው ሪቱክሲማብ ደግሞ በሽታው ከፈቀደ ቢያንስ 2 ሳምንት ይገፋል። ሁሉም ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ነው። የእኔ አክስት የጎረቤት አክስት አይደለችም።

መመሪያው ላይ በጣም የወደድኩት አንድ ነጥብ አለ። የሩማቶሎጂ ሐኪም ያልሆነ ባለሙያ ክትባቱን ይስጥ ይላል፣ ሜቶትሬክሴቱ ለጊዜው ይቁም አይቁም የሚለውን ከዚያ በኋላ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር። «መጀመሪያ ከሐኪምሽ ደብዳቤ አምጪ» ብሎ መመለስ የለም። እዚያ ሀገርም ሰው በሁለት ክፍል መሀል ይጠፋ ነበር ማለት ነው፣ ባይጠፋ ይህን መጻፍ ባላስፈለገ።

ክትባቱ ፍፁም ነው አልልም። ከሚዘዋወረው ቫይረስ ጋር በደንብ በገጠመበት ዓመት ሐኪም ቤት የሚያስኬድ ህመምን ከ40 እስከ 60 በመቶ ይቀንሳል። መከላከያው በመድኃኒት ለተዳከመ ሰው ደግሞ ከዚያ ሊያንስ ይችላል። ከተወጉ በኋላም ሥራ እስኪጀምር ወደ 2 ሳምንት ይፈጅበታል። በየዓመቱ መደገሙም የሚያሰለች ነው። ቫይረሱ ልብሱን ይቀያይራል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ሁለቴ፣ በየካቲት ለሰሜኑ በመስከረም ለደቡቡ ንፍቀ ክበብ፣ ክትባቱ ውስጥ የትኞቹ ይግቡ ብሎ የሚመርጠው። አሁን የሚመከረው ሶስት ዓይነት ቫይረስ የያዘ ነው፦ ኤ ከሚባለው ወገን ሁለት፣ ቢ ከሚባለው አንድ። ያማጋታ የሚባለው የቢ ዘር ከመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስላልታየ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ክትባት ያገኘ ሰው ታዲያ ጠርሙሱ ላይ የየትኛው ዓመት እንደሆነና ጊዜው አለማለፉን ቢጠይቅ ነውር የለውም። የአምና ክትባት የዘንድሮውን ሌባ ላያውቀው ይችላል።

ወደ ትልቁ ጥያቄ ልምጣ። የት ይገኛል?

ኢትዮጵያ መደበኛ የክትባት ፕሮግራም የጀመረችው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጨምሮበታል፤ የሳንባ ምች፣ የሮታ፣ ለልጃገረዶች የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ግን በመደበኛው ዝርዝር ውስጥ የለም። ሥርዓቱ የተሠራው ለህፃን ክንድ ነው። ማቀዝቀዣው፣ ካርዱ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የምትይዘው መዝገብ፣ ሁሉም። የነርሷ ጥያቄ ከዚያ የመጣ ነው። ክትባት ካለ ልጅ አለ።

አዋቂ መከተብ አይቻልም እንዳይባል ኮቪድ መጣ። ከመጋቢት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሽማግሌውም አሮጊቷም ክንዱን ሰጠ። መርፌው አለ፣ ባለሙያው አለ፣ ልምዱም ታይቷል። «ኩፍኝ ገና ሳይጠፋ ስለ ጉንፋን ታወራለህ?» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እውነቱን ነው። በተለይ ባለፉት ዓመታት ጎጃም ውስጥ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት የህፃናቱንም ክትባት ማድረስ ፈተና ሆኗል። ለሁሉም ሰው ይሰጥ የሚል ቅዠት የለኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ቅድሚያ ይሰጣቸው የሚላቸው ግን ይታወቃሉ፦ የጤና ባለሙያዎች፣ ስር የሰደደ ህመም ያለባቸው፣ አዛውንትና ነፍሰ ጡሮች። ከእነዚህ ውስጥ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስዱት ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹም ለክትትል በቀጠሮ የሚመጡት ትልልቅ ሆስፒታሎች ዘንድ ነው፤ ባህር ዳር ፈለገ ህይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል። ለእነሱ ክትባቱን እዚያው የክትትል ክፍል ማስቀመጥ አዲስ ሥርዓት አይጠይቅም። አንድ ማቀዝቀዣና አንድ መዝገብ ይበቃል። እኔ የማስበው እንዲህ ነው።

እስከዚያው ያለው አማራጭ የግል ነው። አዲስ አበባ ለሕክምና ወይም ለዘመድ የሚሄድ ሰው ቀድሞ ለግል ክሊኒኮች ደውሎ ቢጠይቅ ያዋጣል፤ ክትባቱ ሁልጊዜ አይገኝምና። ገዝቶ ጎጃም ይዞ መምጣት ግን አይሞከር። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፣ በረዶ ከሆነም ይበላሻል። በፌስታል ተጠቅልሎ የአባይን በረሃ አቋርጦ ደጀን የደረሰ ክትባት ውሃ ነው በሉት። እዚያው ተወግቶ መምጣት ነው።

ክትባት ያላገኘ ሰውስ? ቤተሰቡ ዙሪያውን ይጠብቀው። የሚያስለው ሰው ለጥቂት ቀን ራቅ ይበል፣ መስኮት ይከፈት፣ እጅ ይታጠብ። እኛ ጋ ይህ ከባድ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሳይስሙ መውጣት ኩራት ይመስላል። አክስቴ አሁን ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርግና እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ትላለች። መጀመሪያ ሰው ተቀየማት፣ አሁን ለምዷታል።

ትኩሳት ከያዘው ደግሞ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ፕሬድኒሶሎን ትኩሳትን ሊደብቅ ስለሚችል «አልተኮስኩም» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም። ኦሴልታሚቪር የሚባለው የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት በደንብ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ነው። ሜቶትሬክሴት የሚወስድ ሰው በጠና ከታመመ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ለጊዜው ያስቆመዋል። ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈው ደግሞ ጉንፋን ነው እያሉ መጠበቅ ቀርቶ የቲቢ ምርመራ ነው።

የአክስቴን ነገር ልጨርስ። ጥር ላይ የእህቷ ልጅ ሰርግ አዲስ አበባ ነበር። ሶስት ቦታ ደወልን፣ ሶስተኛው ጋ ተገኘ። ተወጋች። ሐኪሟን በስልክ ጠየቅነውና ሁለት ቅዳሜ ሜቶትሬክሴቷን ተወች፣ ፕሬድኒሶሎኗን ቀጠለች። ክንዷን አንድ ቀን አመማት፣ ሰርጉ ላይ ግን እስክስታ ከመምታት አላገዳትም።

የካቲት ላይ ለክትትል ስትመለስ የክትባቱን ወረቀት ከካርዷ ጋር አያይዛ ለሐኪሙ ሰጠችው። አገላብጦ አየው። «ከየት አገኙት?» አላት። ነገረችው። ከኪሱ ትንሽ ማስታወሻ አወጣና የክሊኒኩን ስልክ ጻፈ። ውጭ ወንበር ላይ ሌሎች አራት ሰዎች ተራቸውን እየጠበቁ ነበር።